የድድ ቀለም ያለው ሰንሰለት

«ዛሬ ስትወጣ ቦርሳዋ ይፈተሻል፤ እሷ ግን ቀድማ እንዳትሰማ» አለ ሚዛኑ ከቢሮው በር ወዲያ ሆኖ። ጥርስ ሠሪው ይህን ሲሰማ ኮሪደሩ ጥግ ባለው መታጠቢያ ላይ ጎንበስ ብሎ ጄሶ ከጣቶቹ እያስለቀቀ ነበር። ውሃውን ዘጋ። ሌላ የሚጨመር ነገር ይኖር እንደሆነ ጆሮውን ጥሎ ቢጠብቅ የእንግዳ ተቀባይዋ «እሺ» ብቻ ተሰማ። መጀመሪያ የተሰማውን ስሜት ለማንም ሰው አይናገረውም፤ እፎይ ነበር ያለው። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ከዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሊጥ እየቆነጠረ ቤቱ ሲወስድ የከረመው እሱ ነው፤ ሊፈተሽ የታሰበው ግን የጽዳት ሠራተኛዋ ቦርሳ ነው። ሁለተኛው ስሜት ዘግይቶ መጣ። ጽዳቷ የሚስቱ ታላቅ እህት ነበረች።

ይህን ዝምድና በዚያ ቤት የሚያውቅ አልነበረም። የጥርስ ላብራቶሪው የወለል ንጣፍ ከሚሸጥ ሱቅ በላይ ያለ ባለ ሦስት ክፍል ቤት ነው፤ ባለቤቱን «ሚዛኑ» ያሉት ሠራተኞቹ ናቸው፣ ሰሙንም ዱቄቱንም ጠዋት መዝኖ ሰጥቶ ማታ መዝኖ ስለሚረከብ። ሚዛኑ ደግሞ ዘመዳሞችን አይቀጥርም። «ዘመድና ዘመድ አንድ ቤት ከገቡ እየተሸፋፈኑ ያራቁቱሃል» ይላል። ስለዚህ ጥርስ ሠሪው ከሁለት ዓመት በፊት ጽዳቷን፣ እታለምን፣ ሲያመጣት «በሰፈር የማውቃት ጨዋ ሴት ናት» ብሎ ነበር ያስገባት። ጠዋት ከአንድ ቤት ወጥተው በአንድ አውቶቡስ ይመጡና እሷ አንድ ፌርማታ ቀድማ ትወርዳለች። ቤት ውስጥ «አንተ» እያለች እንደ ታናሽ ወንድም የምትቆጣውን ሰው እዚህ «እርስዎ» ትለዋለች። ምሳቸው ከአንድ ድስት የተቋጠረ ስለሆነ እሱ መስኮቱ ሥር፣ እሷ ደረጃው ላይ ሆነው ነው የሚበሉት፤ ሽታው እንኳ እንዳይገናኝ።

ሊጥ የሚሉት የጥርስ ልክ የሚያዝበትን ነገር ነው። በሁለት ጣሳ ይመጣል፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ነጭ። ከሁለቱም እኩል ተቆንጥሮ በእጅ ሲታሽ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ይጠጥርና የነካውን ሁሉ፣ የጣት አሻራ ሳይቀር፣ ቅርጹን ይዞ ይቀራል። ለየብቻ ግን ዓመት ቢታሹ የማይረቡ ናቸው። የሁለቱ ጣሳ ዋጋ ከእታለም የወር ደመወዝ ይበልጣል። ሚዛኑ ግን እንደ ሰሙና እንደ ዱቄቱ በየቀኑ አይመዝነውም፤ በዓይኑ ብቻ ነው የሚያየው።

ጥርስ ሠሪው ይህን ውድ ዕቃ የሚፈልገው ለታንክ ነበር። በከተማው ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ተሰብስበው በሰፊ ጠረጴዛ ላይ በትናንሽ የጦር ሞዴሎች የሚዋጉ ትልልቅ ሰዎች አሉ፤ ነጥብ ያለበትን ኩብ እየወረወሩ፣ ርቀት በሜትር እየለኩ፣ አንዲት ታንክ ስትመታባቸው ምሳ የማይበላላቸው። ከነሱ አንዱ ጓደኞቹ «ጄኔራሉ» የሚሉት የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ዝንብ ለመግደል የሚሳሳ፣ እናቱን ጥርስ ሊያስተክል መጥቶ ከጥርስ ሠሪው ጋር የተዋወቀው። ይህ ሰው በዓለም ላይ የሌለ ታንክ ከራሱ ጭንቅላት አውጥቶ ይሠራ ነበር። አፈሙዙንም መንኮራኩሩንም እንደምንም አሟልቶ የሚሄድበት ሰንሰለት ላይ ሲደርስ ቆመበት፤ በሱቅ የሚሸጠው ሁሉ ይጠብበታል። ጥርስ ሠሪው ነገሩን እንደ ቀልድ ቢጀምረውም አንዷን አንጓ ከሰም ቀረጻት፣ በሊጥ ልኳን ወሰደ፣ በሊጡ ጉድጓድ ውስጥ ሰው ሠራሽ ድድ የሚሠራበትን ሮዝ አክሪሊክ አፈሰሰ። የሩዝ ፍሬ የምታህል የድድ ቀለም ያላት አንጓ ወጣች። አንዷን ከሌላዋ በቀጭን የጥርስ ሽቦ ሲያያይዛቸው ሰንሰለቱ እየታጠፈ በመንኮራኩሩ ላይ ዞረ። ከዚያ በኋላ ጥቁርና የዝገት ቀለም መቀባት ብቻ ነው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጥርስ ሠርቷል። ጥርስ ሲያምር ደግሞ ምስጋናው ለአፉ ባለቤት ነው፤ ጎበዝ የተባለ ጥርስ ሠሪ ማለት ሥራው ያልታወቀበት ነው። ጄኔራሉ ግን የመጀመሪያዋን ሰንሰለት በማጉያ መነጽር አገላብጦ ሲያይ እንደ ሕፃን ሳቀ። ጥርስ ሠሪው ያን ሳቅ ወደደው፤ እሱን ለመስማት ሲል ነው ከእሳት ጋር መጫወት የጀመረው። ሽቦ የማያያዙን ሥራ ቤት ውስጥ የምትሠራለት እታለም ነበረች፣ ጣቶቿ ቀጫጭን ስለሆኑ። ታንኩን «መኪናህ» ነው የምትለው። ከላብራቶሪው የሚጣለውንም የሽቦ ቁራጭ፣ የተሰነጠቀ ልክ፣ በላስቲክ ቋጥራ እያመጣች «ይሄ ለመኪናህ አይሆንም?» ትለዋለች።

ወደ ሥራ ክፍሉ ሲመለስ ባልደረባው ሹክሹክታ ቀና ብላ አየችው። ድምፅዋ ጥርስ ከምትፍቅበት ሞተር በላይ ወጥቶ ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣላት። ሞተሩን አጠፋች።

«ሰማህ? ጽዳቷን ሊፈትሿት ነው።»

«አልሰማሁም» አላት።

«እሷ አይደለችም እኮ። ጠዋት አየሁት፤ ሁለቱም ጣሳ እኩል ነው የጎደለው። እሷ ምን አውቃ እኩል ትወስዳለች?» ከዚያ በዚያች በማትሰማ ድምፅዋ ጨመረች። «ከምሳ በኋላ ሲመዝን እነግረዋለሁ። የሰው ሴት በማታውቀው ነገር ትዋረድ?»

ሞተሩን መልሳ አስነሳች። ጥርስ ሠሪው በእጁ የያዘውን የላይ መንጋጋ እየፋቀ እንደሆነ ለማስመሰል ብዙ ደከመ። እኩል የሚወስድ ሰው ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ በዚህ ቤት ሥራውን የሚያውቁት ደግሞ እሱና እሷ ናቸው። ለምን ለሱ ቀድማ ነገረችው? ሊያርም ጊዜ እየሰጠችው ነው ወይስ ፊቱን ልታነብ? ባለፈው ወር የእሱንና የእታለምን ምሳ ዕቃ እያፈራረቀች ስታይ «የዛሬው ወጥ በከተማው ሁሉ ነው እንዴ የተሠራው?» ብላ ነበር። ያኔ ስቆ ያለፈው ነገር አሁን ጎኑን ወጋው። ሹክሹክታ ሁሉን ታውቃለች ብሎ አሰበ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ምንም አታውቅም ብሎ አሰበ፤ ሁለቱም ሐሳብ አላሳረፈውም።

ስድስት ተኩል ላይ ሚዛኑ ለምሳ ወጣ፣ ሹክሹክታም ስልኳን ካርድ ልትሞላ ወረደች። እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ላይ ናት፤ እታለም ደረጃው ላይ ምሳዋን እየበላች ነው። ጥርስ ሠሪው ዕቃ ቤት ገብቶ የሰማያዊውን ጣሳ ክዳን ከፈተና ጄሶ በሚያቦካበት ማንኪያ ቢላዋው አንድ ጭብጥ ሙሉ ዛቀ። ነጩን አልነካውም። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ እኩል መሆናቸው ይቀራል፣ የሹክሹክታም ነገር ይፈርሳል። በማን ላይ እንደሚፈርስ አልጠፋውም። ግን ቦርሳዋ ሲፈተሽ ባዶ ነው፣ ባዶ ቦርሳ ደግሞ ሰው አያስከስስም፣ ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል ብሎ ራሱን አሳመነ። ከራስ በላይ ነፋስ ነው፤ ሰው ግን ይህን ሲያደርግ ሁልጊዜ ሌላ ስም ይሰጠዋል። ጭብጡን መጀመሪያ ኪሱ ከተተው። «እኛንም ቢፈትሹንስ?» አለና ከኪሱ አወጣው። በጋዜጣ ጠቅልሎ ጠረጴዛው ሥር ካለው መጣያ ውስጥ፣ ከተሰባበረ ጄሶ በታች ቀበረው። ሚዛኑን አሰበ፣ ሹክሹክታን አሰበ፤ መጣያው በማን እጅ እንደሚወጣ ግን ትዝ አላለውም።

ስምንት ሰዓት ላይ ሚዛኑ ሁለቱን ጣሳዎች በየተራ ሚዛን ላይ አስቀመጠ። ሹክሹክታ ጉሮሮዋን ጠራርጋ ጀመረች። «እኔ እንኳ ሳየው ሁለቱም እኩል…»

«እኩል?» አለ ሚዛኑ። «የቱ ጋ ነው እኩሉ? ሰማያዊው ከነጩ በሲሶ ያንሳል። ባለሙያ ቢሆን ከሁለቱም ይወስድ ነበር። ይሄማ ቀለሙ አምሮት የወሰደ ሰው ነው።»

ሹክሹክታ ቀላች። ወደ ሰማያዊው ጣሳ ውስጥ አንዴ፣ በደንብ አድርጋ፣ አየች። የዛቀው ማንኪያ ቢላዋ ሊጡ ላይ ለስላሳ መንገድ ጥሎ ሄዷል፤ የጽዳት ሴት በጣቷ ቆንጥራ ብትወስድ የማትተወው መንገድ። ከዚያ የጥርስ ሠሪውን ጥፍሮች አየች። እሱ እጁን ጋዋኑ ኪስ ውስጥ ከተተ። የምትናገር መሰለው፤ እሷም አፏን ከፍታ ነበር፣ ግን ዘጋችው። ጽዳቷ ካልሆነች የሚቀሩት ሁለት ናቸው፣ ከሁለቱ አንዷ ደግሞ እሷ ናት። ልጅ የምታሳድግ ሴት ናት፤ ሆድ ይፍጀው ብላ ወደ ሞተሯ ተመለሰች።

እታለም ዐሥር ሰዓት ላይ ሽርጧን አጥፋ ስትወጣ እንግዳ ተቀባይዋ በሩ ላይ «ቦርሳሽን አንዴ» አለቻት። እታለም ሰጠቻት። ሻሽ ወጣ፣ ባዶ የምሳ ዕቃ ወጣ፣ መነጽር ወጣ፤ በመጨረሻ የተቋጠረ ላስቲክ። ላስቲኩ ሲፈታ የሽቦ ቁርጥራጮች ጠረጴዛው ላይ ተንሿሹ፤ ከነሱ ጋር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ሚዛኑ ራሱ ጋዜጣውን ገለጠው። ሰማያዊው ሊጥ ቁጭ ብሏል። ጥርስ ሠሪው ከኋላ ቆሞ አየው፤ እሱ መጣያው ውስጥ የቀበረው ነው። ለሱ ብላ ነው ያነሳችው። ለመኪናው።

«ከቆሻሻ ነው ያነሳሁት። የተጣለ ነው ብዬ» አለች እታለም።

«ማነው ይሄን የሚጥለው? ዋጋውን ታውቂዋለሽ?»

«ዋጋውን አላውቅም፤ ተጥሎ ነው ያገኘሁት።»

«እሺ፣ ሦስት መጣያ ነው ያለን» አለ ሚዛኑ፣ ጣቱን እየቆጠረ፣ በአገጩ ወደ ሹክሹክታና ወደ ጥርስ ሠሪው ጠረጴዛ እያመለከተ። «የኔ፣ የሷ፣ የሱ። ከየትኛው መጣያ ነው?»

እታለም መልስ ልትሰጥ ቀና ስትል ዓይኗ ከጥርስ ሠሪው ዓይን ገጠመ። እሱ መሬት አየ። አሁን ገባት ማለት ነው፤ ሲገባት ታወቀው።

«አላስታውስም» አለች።

ሚዛኑ ወደ ጥርስ ሠሪው ዞረ። «አንተ ነህ ያመጣሃት። ምን ትላለህ?»

«እኔ እንኳ… በሰፈር ነው የማውቃት» አለ ጥርስ ሠሪው። ይህ ይበቃ ነበር። እሱ ግን ጨመረበት። «የሰው ሆድ አይታወቅም።»

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ያለው ቀን ነው። እታለም ሻሿን፣ ምሳ ዕቃዋን፣ መነጽሯን አንድ በአንድ መልሳ ከተተች። «ነገ እንዳትመጪ» ሲላት «እሺ ጌታዬ» ብላ ወጣች። የሽቦ ቁርጥራጮቹ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀሩ።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ እሱም ሲወጣ እታለም እንደ ሁልጊዜው ትጠብቀው ነበር። ዛሬ አንድ ፌርማታ ርቃ መቆም እንደማያስፈልጋት ያየው ያኔ ነው፤ ልክ ከላብራቶሪው ፊት ለፊት ቆማለች። አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ይቅርታ የምትለዋ ቃል ሦስት ጊዜ ጥርሱ ድረስ መጥታ ተመለሰች፣ እያንዳንዱ ጊዜ ግን አንድ ጥርጣሬ ቀድሟት ይገባል። ለምን ደበቀችለት? ሰው በነጻ እንዲህ አያደርግም። ለቀን ክፉ አስቀምጣዋለች፤ ነገ ከሚስቱ ጋር ሲጣላ፣ ወይም ሳሎኑ ውስጥ የምትተኛበት ሶፋ ሲያስቸግር አውጥታ ትመዝበታለች። ወይም ደግሞ በጓዳ ለእህቷ ሹክ ልትል ነው። መስኮት መስኮቱን የምታየውን ሴት በዓይኑ ጥግ እየመረመረ፣ ደግነትን እንደ ወጥመድ እየቆጠረ ግማሽ መንገድ ሄደ። ራሱ የበደላትን ሴት መፍራት ጀመረ፤ ከፈራት በኋላ ደግሞ ትንሽ ጠላት።

«ሰውዬህ የሚመጣው ዛሬ አይደል?» አለች ድንገት።

«የቱ ሰውዬ?»

«የመኪናው።»

«አዎ፣ ዛሬ ነው።»

«ሁለት አንጓ ይቀራል፤ ትናንት መሽቶብኝ ነው። እንደደረስን አያይዛቸዋለሁ።»

በድምፅዋ ውስጥ እሾህ ፈለገ። አላገኘም። አለማግኘቱ ይበልጥ አስፈራው።

ሚስቱ ሳሎን ተቀምጣ ድንች እየላጠች ነበር። የእህቷን ፊት አየችና ቢላዋውን አስቀመጠች። እታለም ጫማዋን እያወለቀች አጭር አድርጋ ነገረቻት። ሰማያዊ ሊጥ ጠፍቶ ነበር፣ እሷ ከቆሻሻ ውስጥ ያነሳችው ጭብጥ ቦርሳዋ ውስጥ ተገኘ፣ ነገ አትምጪ አሏት። ሌላ ቃል አልጨመረችም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከመሳቢያው ሰንሰለቱን አወጣችና መነጽሯን አጠለቀች። ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች።

«አንተ የት ነበርክ?»

«እዚያው ነበርኩ።»

«ምን አልክ ታዲያ?»

በሩ ተንኳኳ፤ ጥርስ ሠሪው በሕይወቱ በር ሲንኳኳ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ጄኔራሉ ከነባንክ ክራቫቱ የጫማ ካርቶን እንደ ሕፃን አቅፎ ገባ። ካርቶኑን ከፍቶ ሰንሰለት የሌለውን ታንክ ጠረጴዛው ላይ፣ ከድንቹ ልጣጭ አጠገብ አቆመው። እታለም የመጨረሻዋን ሽቦ አጥፋ ሁለቱን ሰንሰለቶች አቀበለችው። ጄኔራሉ በመንኮራኩሮቹ ላይ ጠምጥሞ ታንኩን በጠረጴዛው ልብስ ላይ በቀስታ ገፋው። ሰንሰለቱ ዞረ። ዘጠና ስድስቱ አንጓዎች እያንዳንዳቸው በተራቸው መሬት ነክተው ተነሡ፣ አንዷም አልዘለለችም። ሰውዬው ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ጎንበስ አለና ሳቀ፣ ያንኑ ሳቅ። ጥርስ ሠሪው ግን ዛሬ አልሰማውም ማለት ይቻላል፤ ጆሮው ሁሉ ሚስቱ ላይ ነበር።

«እጅህ ይባረክ! ገና ቀለም ሳይቀባ እንዲህ ከሆነ!» አለ ጄኔራሉ። «ጓደኞቼ ሲያዩት አራት ታንክ ሙሉ ሊያዙህ ነው፤ ለሚቀጥለው ወር ይደርሳል?» መስኮቱ ላይ ከተደረደሩት የሊጥ ልኮች አንዱን አንሥቶ በጣቶቹ ጫን ጫን አደረገው። ገርጣ ያለ ሰማያዊ ነበር። «ይሄ እኮ ውድ ነገር ነው፤ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ከየት ታገኘዋለህ?»

«ትርፉን አለቃው ነው የሚሰጠው» አለች ሚስቱ፣ እንግዳ እንደምታስተናግድ ሴት ፈጥና። «የሚጣለውን ሰማያዊ…»

እዚያ ላይ ቆመች። ባሏ ሁልጊዜ የሚነግራትን ነው የመለሰችው፤ ከአፏ ሲወጣ ግን ራሷ ሰማችው። በጄኔራሉ እጅ ያለውን ልክ አየች፣ ከዚያ እህቷን፣ ከዚያ ባሏን። እታለም ጎንበስ ብላ ድንቹን መላጥ ጀምራለች። ጄኔራሉ የተበላሸ ነገር እንዳለ ገብቶት ልኩን ወደ ቦታው መለሰ፣ ታንኩን ካርቶኑ ውስጥ አስተኛው፣ «እንግዲህ እንደዋወላለን» ብሎ ሁለት ጊዜ እጅ ነሥቶ ወጣ።

«ከየት ነበር ያነሳሽው?» አለች ሚስቱ። እታለም መላጧን ቀጠለች። «ከሱ ጠረጴዛ ሥር ነው?»

እታለም የላጠችውን ድንች ሳህኑ ላይ ጣለች።

«ቀኑን ሙሉ ይሄን ይዘሽ ነው የዋልሽው?»

«ሁለት ሰው ሥራ ፈትቶ እዚህ ቤት ቢቀመጥ ምን እንበላለን?» አለች እታለም በመጨረሻ። «እኔ ጽዳት የትም አላጣም። እሱ ሌላ ምን ይችላል? ተዪው።»

ጥርስ ሠሪው አውቶቡስ ውስጥ ያቦካው ጥርጣሬ ሁሉ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሲያልቅ ተሰማው። ምንም አላስቀመጠችም ነበር። አንገቱ ድረስ በኀፍረት ጋለ፤ ቢሆንም፣ እውነቱን ለመናገር፣ «ተዪው» በምትለው ቃል ላይ ተስፋውን ጥሎ ሚስቱን አየ።

«ሚዛኑ ስንት ሰዓት ነው የሚወጣው?» አለች ሚስቱ።

«ዐሥራ ሁለት።»

«ገና ነው። ተነሣ።»

«ምን ብዬ እነግረዋለሁ?»

«እህቴ ናት ብለህ ጀምር» አለችው። «ቀሪው ራሱ ይመጣል።» ሄዳ ጫማውን ከበሩ ሥር አነሣችና እግሩ አጠገብ አስቀመጠችለት። አልጮኸችም፤ ብትጮኽበት ይሻለው ነበር። ከዚያ ከእህቷ ጎን ቁጭ ብላ ከሳህኑ አንድ ድንች አነሣች።

ጫማውን አደረገ። ኮቱን ለበሰ። በሩን ገርበብ አድርጎ ተወውና መውረድ ጀመረ፤ ሦስት ፎቅ ነው። በቀስታ ወረደ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በሁለት እግሩ እየረገጠ። እታለም ትጠራኛለች ብሎ ነበር። «ተመለስ፣ እሷ ተናዳ ነው» ብላ ከላይ ድምፅዋን ታሰማለች፣ እሱም እንቢ ይላል፣ ከዚያ ትለምነዋለች፣ ከዚያ ይመለሳል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጫማውን ለማሰር ጎንበስ አለና ቆየ። ጫማው ታስሯል። እንደዚያው ጎንበስ እንዳለ ከላይ የእግር ኮቴ ሰማ፤ ቀላል፣ ባዶ እግር፣ የእታለም ኮቴ። ኮቴው ወደ በሩ መጣ። እሱ ቀና አለ። በሩ ቀስ ብሎ ተዘጋ።